ለዴልሂ የተሳለ ጃንጥላ

ሰገነት ስዕለቷን የተሳለችው ቤተ ክርስቲያን ባልሆነ ቦታ እንደነበር የተረዳችው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ያውም የት? አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሪከንባከር የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በምትሠራበት መጋዘን፣ በምሳ ሰዓት፣ የማይክሮዌቭ ወረፋ ይዛ።

ያን ዕለት ያነሣችውን የቦታውን ፎቶ ያሳየችው ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። አብራት ካርቶን ስካን የምታደርገው ፍርዶስ፣ ለምን የሁለት ሳምንት ፈቃድ እንደምትፈልግ ብትጠይቃት፣ ልጄን ይዤ ሕንድ አገር ስዕለት ላገባ ነው አለቻትና ስልኳን አውጥታ አቀበለቻት። ፍርዶስ የደሴ ልጅ ናት። ሂጃቧን አጥብቃ የምታስር፣ ሥራ ላይ ቀልጣፋ፣ ወሬ ላይ ግን ቁጥብ። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ መልሳ አጠበበችው፣ እንደገና አሰፋችው።

«እትዬ ሰገነት፣ ይሄ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የወሊይ መቃብር ነው። የኛ የሙስሊሞቹ። ካላመንሽኝ ጉግል አድርጊው።»

ሰገነት መጀመሪያ ሳቀች። «ምን ነካሽ፣ ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት።»

«እኛስ በጫማ የምንገባ መሰለሽ?»

ማይክሮዌቩ ጮኸ። ከኋላ የተሰለፉት ምግቧን እንድታነሳ ጠበቁ፤ እሷ ግን ስልኩን ይዛ ቀልቧ እንደተገፈፈ ቆማ ቀረች። ሩዟን ያወጣችላት ፍርዶስ ናት።

እንግዲህ ሰው እንዴት እስላም መቃብርና ቤተ ክርስቲያን ይምታታበታል የሚል አይጠፋም። ሊያፌዝባት ለተዘጋጀ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል።

ሚካኤል ሰባት ዓመቱ ላይ ልቡ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ታወቀና፣ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ እናትና ልጅን ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ ላካቸው። አባቱ ሩፋኤል ሥራውን ትቶ መሄድ ስላልቻለ ቀረ። ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለሐበሻ ሕመምተኞች የሚያስተረጉም አንድ ተማሪ የሐኪሙን ቃል ሲነግራት፣ ልቡን ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆሙታል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ደፍነው መልሰው ያስነሱታል አላት። ሰገነት የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በሩ ሲዘጋ እግሯ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ደረጃውን ወረደች፣ ግቢውን አቋረጠች፣ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘልላ ገባችና የምታውቃትን አንዲት ቃል ተናገረች፤ «ቸርች።»

ሾፌሩ ሽበታም፣ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው ነበር። የሕመምተኛ ዘመድ ከተማ ማስጎብኘት የለመደ ይመስላል፤ ለእርሱ ከሆስፒታል የወጣ የውጭ ሰው ሁሉ ጎብኚ ነው። መጀመሪያ ቁጡብ ሚናር የሚሉት ቀይ የድንጋይ ማማ ሥር አቆማት። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ እያየ ፎቶ ይነሳል። ሰገነት ቀና አላለችም። እጇን እንደ ጸሎት ገጥማ «ቸርች» አለች ደግማ። አሁን ገባው። ወደ መሐል ከተማ ነድቶ እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን አደረሳት።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ገብታ ብታይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር በወንበር ነው። ሁለት ሰዎች ከነጫማቸው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጭራሽ እግሩን አነባብሯል። የሚሳለም የለም፣ የሚሰግድ የለም፣ ራሱን የሸፈነ የለም። ይሄማ አዳራሽ ነው ብላ ወጣች። ሾፌሩ ግራ ገባው። ጣራው ላይ ያለውን መስቀል ጠቆማት፤ እሷ ጫማዋን ጠቆመችው። አንዴ መስቀሉን፣ አንዴ ጫማዋን ሲያይ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። የተረዳት መሰለው።

መንገድ ላይ ትልቅ ጉልላት ያለው ቀይ ሕንፃ ሲያልፉ፣ ንጉሥ የተቀበረበት መሆኑን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዓይኑን በመጨፈን አስረዳት። እሷም ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በጠባብ መንገድ፣ አበባ በሚሸጡ ሰዎች መሐል ይዟት ገባ። እዚህ ጫማ ይወለቃል። ሴቱ ሁሉ ተሸፋፍኗል። ደፍ ይሳማል፣ ግድግዳ ይዳሰሳል፣ በሽተኛ አቅፎ የተቀመጠ አለ፣ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ይዘመራል፣ ይጨበጨባል። ሰገነት እፎይ አለች። እንደ ወንፊት የተቀዳደደ የእብነ በረድ መስኮት ሥር ተደፍታ፣ ደብሩ የማን እንደሆነ እንኳ ስለማታውቅ፣ «አንተ የዚህ ቤት ጌታ» አለች፤ «ልጄን በነፍሱ አትርፍልኝ እንጂ፣ በእግሩ አምጥቼው ጃንጥላ አገባልሃለሁ።»

ሆስፒታል ስትመለስ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ሐኪሙ በሩ ላይ ወጥቶ የሚካኤልን እናት ሦስት ጊዜ ተጣርቷል፤ አቤት ያለ የለም። ልጁ ድኗል። ማታ ሩፋኤል ደውሎ የት ሆና እንደጠበቀች ሲጠይቃት «በሩ ላይ ቆሜ» አለችው። ያቺ ቃል አዲስ አበባ ገባች፣ ዲቪ ሲደርሳቸው ደግሞ አብራቸው ኮሎምበስ ገባች። ሚካኤል ልደቱን ባከበረ ቁጥር ኬኩ ሳይቆረስ ሩፋኤል ተነሥቶ፣ እናትህ ሰባት ሰዓት ሙሉ ከዚያ በር ንቅንቅ አላለችም ይላል። እንግዳው ይመርቃታል። እሷ ሳህን ላምጣ ብላ ወደ ወጥ ቤት ትሸሻለች።

ስለዚህ ሰገነት ዴልሂ መሄድ የፈለገችው ስዕለት ስላስፈራት ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ልጇን ጥላ የሸሸችበት መንገድ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ተዘርግቶ ቆይቷል። ያንኑ መንገድ ከእርሱ ጋር፣ በእርሱ እግር ካልተመለሰችበት የሚዘጋ አልመሰላትም። ጊዜም አልነበራትም። ነሐሴ ላይ ዐሥራ ስምንት ሞልቶት ኮሌጅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ና ስላለችው ብቻ የሚመጣ ልጅ አይሆንም።

ፍርዶስ የነገረቻትን የሰማ ሁሉ ስዕለቱ የፈረሰ መሰለው። የንስሐ አባቷን ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዛ ብትነግራቸው፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ ስዕለቱን ወደዚህ አዙሪውና ለቤተ መቅደሳችን መጋረጃ አስገቢ አሏት። በሩ ላይ እንዳልነበረች ግን ለእሳቸውም አልነገረቻቸውም። ሩፋኤል ደስታውን አልደበቀም። መጋረጃው እዚሁ፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ አውሮፕላን ያልቃል። በዚያ ላይ ክርስቲያን ሴት እስላም መቃብር ድረስ ጃንጥላ ተሸክማ ሄደች ሲባል ሰው ምን ይላል?

«ሩፌ፣ ድስት ብታውሰኝና ለጎረቤትህ ብመልሰው ትስማማለህ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ጎረቤት አለው እንዴ?»

«ከሌለው እዚያም ሰምቶኛል ማለት ነው። የሰማኝ እዚያ ነው፣ የማገባውም እዚያ ነው።»

ሩፋኤል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሰገነት አንድ ነገር ከያዘች እንደማትለቅ ሃያ ዓመት አብሯት ኖሮ ያውቃል፤ እያወቀም በየጊዜው ይሞክራል።

መጋዘኑ ሐምሌ ላይ ሥራ ስለሚበዛበት ሱፐርቫይዘሯ ፈቃዱን ከለከላት። ሰኞ ጠየቀችው፣ ረቡዕ ጠየቀችው፣ ዓርብ ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ ቢሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። በመጨረሻ ፍርዶስ ቅዳሜዎቿን ልትሠራላት ተስማምታ ነገሩ አለቀ። ለምን እንዲህ እንደምትደክምላት ስትጠይቃት፣ አክስቷ ልጅ አጥታ ኖራ የወለደችው ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ እንደሆነ ነገረቻት። በየታኅሣሡ ከሰፈሩ ክርስቲያን ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄድ ነበር፤ ምን ትሠሪያለሽ ያላት ሰው የለም። ራስሽን ተሸፈኚ፣ ዕቃውን በእጅሽ ስጪ፣ ሌላ ምንም የለበትም አለቻት።

ጃንጥላው የተሰፋው አዲስ አበባ ነው። ሰገነት ለእህቷ ለጽጌረዳ ደውላ፣ አረንጓዴ ይሁን፣ ዘርፉ ወርቃማ ይሁን፣ ጫፉ ላይ ግን መስቀል አይኑረው ስትላት፣ ጽጌረዳ እህቷ አሜሪካ ሄዳ ሃይማኖት የለወጠች መስሏት በድንጋጤ ስልኩን ዘጋች። ተመልሳ ስትደውል ሰገነት ታሪኩን እንደ ምንም አስረዳቻት። ሰፊው ደግሞ በበኩሉ መስቀል የሌለው ጃንጥላ ለየትኛው ደብር ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ለዴልሂ ነው ብለው እውነቱን ነገሩት። በሚያውቁት ሰው ሻንጣ ኮሎምበስ ሲደርስ ሩፋኤል ተቀብሎ ጋራዥ አስቀመጠው።

የከፋው ሚካኤል ነበር። ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ለማንም አያሳይም፤ ዋና ሲሄድ እንኳ ቲሸርቱን አያወልቅም። ትምህርት ቤት ማይክ ነው የሚባለው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ልቡ ታሞ የነበረ ልጅ መባል ያንገሸግሸዋል። ሕንድ የሚለው ቃል ሲነሣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን ያያል። ሰገነት በምግብ ሰዓት ጠየቀችው፣ ልብስ ስታጥፍ ጠየቀችው፣ በቴክስት ጠየቀችው። መልሱ ያው ነበር።

ሰኔ ላይ አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ያለችው የልብ ሐኪሙ ጋ ሄዱ። ሐኪሟ መርምራው በጣም ደህና ነህ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለስ አለችው። ሲመለሱ የሚነዳው እርሱ ነበር፤ ገና የልምምድ ፈቃድ ስለሆነ የያዘው እናቱ አጠገቡ መቀመጥ ነበረባት። መሪ ይዞ የትም ሊያመልጣት እንደማይችል አይታ እንደገና አነሣችበት።

«ማም፣ ኖ» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ዶክተሮቹ ናቸው ያዳኑኝ። ኢትስ ዩር ፕሮሚስ፣ ኖት ማይን።»

ቃሉ ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም ማለቱ ነው። ሰገነት አልተቆጣችም፤ ልጁ እውነቱን ነበር። ቃሉ የእሷ ነው። ታዲያ ቃሉን ብቻ ነግራው ሌላውን ደብቃው ምን ልትጠብቅ ኖሯል? ጥግ አስይዘህ አቁም አለችው። አንድ የአበባ ሱቅ ፊት ለፊት አቆመ። ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገረችው።

«ልብህን ሲያቆሙት በሩ ላይ አልነበርኩም» አለችው። «አባትህ የሚያወራው ውሸት ነው። ውሸቱ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው። ልቡን ያቆሙታል ሲሉኝ የሞትክ መሰለኝና ሸሸሁ። ሐኪሙ ወጥቶ ሲጠራኝ እኔ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ግንብ ለግንብ እዞር ነበር።»

ሚካኤል መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። አባቱ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አያውቅም አለችው። መኪናውን አስነሥቶ፣ ከወትሮው ይልቅ በዝግታ፣ ቤት ድረስ ነዳ። ሰገነት ከመኪናው ስትወርድ ልጇን ልታጣው እንደምትችል አሰበች። ሆኖም በመናገሯ አልተጸጸተችም።

አራት ቀን አላናገራትም። ሰላም የሚላት ራሱን ነቅንቆ፣ ምግቡን የሚበላው ክፍሉ ገብቶ ነው። በአምስተኛው ቀን የሥራ ጫማዋን ስታስር መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«መንገዱ ትዝ ይልሻል?» አላት። በአማርኛ ነው የጠየቃት፤ ከልጅነቱ ወዲህ ሳትነግረው በአማርኛ የጀመረው ወሬ ይህ ይመስለኛል።

«አንድ በአንድ።»

«ኦኬ። የሄድሽበትን በሙሉ አሳዪኝ። በሙሉ።»

አሁን የቀረው ሩፋኤል ነው። ቤት ውስጥ ብትጀምረው ሳህን ላምጣ ብላ እንደምትሸሽ ራሷን ስለምታውቅ፣ በምሳ ሰዓቱ ዳውንታውን ድረስ ሄደችበት። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ መውጫው አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገረችው። አንድ መኪና መውጫው ላይ ጥሩምባ ነፋ።

«ሐኪሙ ሲጠራ ማን መለሰለት?» አለ።

«ማንም።»

ተነሥቶ መኪናውን ሊያስወጣ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልተቀመጠም። በየልደቱ በኩራት ሲያወራው የኖረው ነገር እጁ ላይ ሲፈርስበት ሰው ምን ይላል? ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ ጭጋግ ለብሶ ሰነበተ። ቅዳሜ ጠዋት ከጋራዡ የመጋዝ ድምፅ ሰማች። ሮጣ ስትደርስ ጃንጥላው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ሩፋኤል ዘንጉን ከመሐል ቆርጦ፣ ተፈታቶ በብሎን የሚገጠም አድርጎታል። አቧራውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«ሻንጣው ውስጥ አይገባልሽም ነበር» አለ ቀና ሳይል። እሷም ሌላ ነገር እንዲናገር አልጠየቀችውም።

ዴልሂ በሐምሌ አጋማሽ ሙቀቱም ዝናቡም አንድ ላይ ነው። ሰገነት ለከተማው አዲስ እንደሆነ ሰው አልዞረችም፤ ዕቅዷን በጭንቅላቷ ይዛ ነው የመጣችው። ከሆስፒታሉ በር ተነሡ። በሩ በመስታወት ተቀይሯል፣ ዘበኛው ሌላ ነው፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ባጃጅ ይዘው መጀመሪያ ቁጡብ ሚናር ሄዱ። ያን ጊዜ ሥሩ ቆማ ያላየችውን ማማ አሁን አንገቷን ሰብራ አየችው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንደ ጥልፍ ዙሪያውን ይዞራል። ሚካኤል የተለጠፈውን መግለጫ አነበበላት፤ ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል። መውጣት ይቻል እንደሆነ ሲጠይቅ ድሮ ነው የተዘጋው አሉት። ይህን የሚያህል ነገር ፊት ለፊቷ ተገትሮ እንዴት አላየችውም ብሎ ገረመው። ዓይኔ አንተ ጋ ቀርቶ ነበር አለችው።

ዝናቡ የያዛቸው ከቁጡብ ሚናር ወጥተው ባጃጅ ሲፈልጉ ነው። ሚካኤል ጃንጥላውን ገጣጥሞ ሊዘረጋው ሲል እጁን ያዘችው። የስዕለት ዕቃ ነው፣ ለእኛ መከለያ አልመጣም አለችው። በእጃቸው ጃንጥላ ይዘው እስከ ውስጥ ልብሳቸው በሰበሱ። የመንገዱ ሰው እየዞረ አያቸው፤ አንዲት ባለ ሱቅ እንዴት እንደሚከፈት ልታሳያቸው በምልክት ሞከረች። ሚካኤል መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቅ አሸነፈው። ኮሎምበስ መኪናው ውስጥ እውነቱን ከነገረችው ወዲህ ሲስቅ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም ያው ነው፤ ወንበሩ፣ ከፍ ያለው ጣራ፣ ከነጫማው የሚቀመጠው ሰው። ሰገነት በሩ ላይ የረጠበ ጫማዋን አወለቀች። ጥበቃው መጥቶ አያስፈልግም አላት። ራሷን ነቀነቀችና በባዶ እግሯ ገብታ ከመንበሩ ፊት ለፊት ተንበረከከች። ቤትህን አዳራሽ ነው ብዬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ አለች፤ አለችና ዞር ስትል ሚካኤልም ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

ባለ ጉልላቱ ቀይ ሕንፃ ደግሞ የንጉሥ ሁማዩን መቃብር መሆኑን አወቁ። አትክልቱን፣ የውኃ ቦዩን፣ ነጩን ጉልላት ዞረው አዩ። ሚካኤል ስልኩ ላይ አንብቦ፣ ያሠራችው ባሏ የሞተባት ሚስቱ ናት ሲላት ሰገነት ደስ አላት። ሴትየዋ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት ጠየቀች። ዓመታት ነው አላት። ዐሥር ይሆናል ብላ ለራሷ ገመተች።

ስዕለቷን የተሳለችበት የወሊዩ መቃብር፣ ኒዛሙዲን የሚሉት፣ የገቡት አመሻሽ ላይ ነው። አበባ ሻጮቹ፣ ጠባቡ መንገድ፣ የጫማው ክምር። ሚካኤል መሐረብ ራሱ ላይ አሠረ፤ እሷ ነጠላዋን አጣፋች። ከበሮው ዛሬም ይመታል። ደፉ ላይ ደርሳ ጃንጥላውን ታቅፋ እግሯን ስታነሳ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በትሕትና ዘርግተው አስቆሟት። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሚካኤል አነበበ። ሴት ከዚህ አያልፍም።

ከዐሥር ዓመት በፊትም ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ብቻ ተቀምጠው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር በቤተ መቅደስም ስለለመደችው ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ፍርዶስም አልነገረቻትም። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ የቀረው አምስት እርምጃ ነው። ቃሏ ደግሞ አገባልሃለሁ የሚል ነበር። ሚካኤልን አየችው። ቃሉ የኔ አይደለም ያላት ልጅ ነው። አስገባልኝ ብላ ልታዝዘው አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህን የሚያዝዙት ነገር እንዳልሆነ ገባት። ጃንጥላውን እንደታቀፈች ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ምን ልበላቸው?» አለ ሚካኤል።

«እንደመሰለህ።»

ከእጇ ወሰደው። ጎንበስ ብሎ ደፉን አለፈና ከሰዉ ጋር ተደባለቀ።

ሰገነት ወደ እብነ በረዱ መስኮት ሄደች። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ጣቶቿን በቀዳዳዎቹ አስገብታ ውስጡን አየች፤ የሰው ጀርባ፣ መብራት፣ መቃብሩን የሸፈነ ጨርቅ። ሚካኤል አይታያትም። ደቂቃዎች አለፉ። ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀ፣ የልጇ ድምፅ ይሁን የሌላ ያልለየችው ድምፅ መለሰ። እንደ ሆስፒታሉ ዕለት እግሯ ሊነሣ ዳዳው። መጥፎ ነገር ቢናገሩትስ፣ ቢያባርሩትስ፣ ልሂድና ውጭ ልጠብቀው አሰኛት። መስኮቱን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። ፈርታ ነበር፣ በጣም ፈርታ ነበር፤ ግን አልሄደችም።

ያን ጊዜ ከሰዉ ራስ በላይ አረንጓዴው ጃንጥላ ተዘረጋ። ወርቃማው ዘርፍ በመብራቱ ውስጥ ተወዛወዘ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሳቁ የክፋት አልነበረም። ጃንጥላው መቃብሩ ላይ ጥቂት ቆይቶ ታጠፈ። ሰገነት ዕንባዋ ወረደ። አሮጊቷ ምን እንደሆነች ሳያውቁ ጀርባዋን ደባበሷት።

ሚካኤል ብዙ ሳይቆይ ወጣ። እጁ ባዶ ነው፤ ቲሸርቱ ላይ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ተለጥፏል። በሩ ላይ ቆሞ ከሴቱ መሐል በዓይኑ ፈለጋት። ሲያጣት ፊቱ ልክ እንደ ሕፃን ሆነ። ሰገነት ከመስኮቱ ሥር ተነሥታ እጇን አነሣች።

«እዚሁ ነበርሽ?» አላት ደርሶ።

«እዚሁ ነበርኩ።»

«ዘ ሆል ታይም? እስክወጣ ድረስ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ሚካኤል ያንን ሲሰማ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። አሁን ከእሷ በብዙ ስለሚረዝም ብዙ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ሲዘፈን የነበረው አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ፣ እነርሱ ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።